ኒሴኮ፦ በረዶው እረፍት የማያውቅበት ተራራ

ጃፓን፣ ሆካይዶ ደሴት ላይ በጥር ወር ፀሐይ ማየት ብርቅ ነው። ለስኪ፣ ማለትም በበረዶ ላይ ለመንሸራተት፣ ኒሴኮ ሳለን በረዶው ሌሊት ይጥላል፣ ጠዋት ይጥላል፣ ምሳ ሰዓትም አያባራም። ከሳይቤሪያ የሚነሳው ቀዝቃዛ አየር የጃፓንን ባሕር ሲሻገር እርጥበት ይሸከማል፤ ተራራው ጋ ሲደርስ ሁሉንም እዚያው ያራግፈዋል። ብርዱ ስለሚጠና በረዶው ደረቅና ቀላል ነው። በእጅ ሊያድቦለብሉት ቢሞክሩ ይበተናል።

ኒሴኮ አኑፑሪ ከፍታው 1,308 ሜትር ብቻ ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ የሚያስፈራ አይደለም። ግን ሂራፉ፣ ሃናዞኖ፣ ኒሴኮ ቪሌጅና አኑፑሪ የሚባሉት አራት የስኪ ቦታዎች የዚሁ ተራራ ጎኖች ናቸው፤ በአንድ ቲኬት ሁሉም ጋ ይደረሳል። ለጀማሪ የሚሆን ሰፊና ለስላሳ ቁልቁለት አለ፣ ጉልበት የሚያንቀጠቅጥ ገደል አለ፣ ጫካም አለ። ነፋስ ሲበረታ ሰው ወደ ላይ የሚያወጡት የላይኞቹ ሊፍቶች ይዘጋሉ። ያኔ ከማዶ የቀረ ሰው በአውቶቡስ ዞሮ ይመለሳል።

ጫፉ አካባቢ ዛፍ የለም። በረዶው ሲከብድ ሰማዩና መሬቱ ይደባለቃሉ፤ እየሄድክ ይሁን ቆመህ አታውቅም። ጥቁር መነጽር ያደረገማ አለቀለት። «አይዞህ፣ ዛፍ ዛፉን ያዝ» አለኝ ጓደኛዬ፣ እና በርች የሚባለው ዛፍ ወዳለበት ጫካ ወረድን። ግንዶቹ ከበረዶው ተለይተው ስለሚታዩ ዓይን የሚይዘው ነገር ያገኛል። የጉዞው ምርጥ ሰዓታት እዚያ ያለፉት ናቸው።

በተዳመጠ መንገድ ላይ ሲታጠፉ ክብደቱን የሚሸከመው የውጭኛው እግር ነው። እዚህ ጥልቅ በረዶ ላይ ግን ሁለቱም እኩል ካልተሸከሙ አንደኛው ይሰምጣል። ሰፋ ያለ ስኪ መከራየት ያዋጣል። ብዙዎች «ወደ ኋላ ተደገፍ» ይላሉ፤ እኔ አልስማማም፣ ጭን ከማቃጠል በቀር ትርፍ የለውም። ከዛፍ ሥር ደግሞ በቅርንጫፍ የተሸፈነ ጉድጓድ ይኖራል። በጭንቅላቱ የገባበት ሰው ብቻውን መውጣት ይከብደዋል። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆኖ፣ እየተያዩ መውረድ ነው።

ከተከለለው የስኪ ቦታ ውጭ የሚወጣው በተወሰኑ በሮች ብቻ ነው። በሮቹን የሚከፍቱትና የሚዘጉት የተራራው ጠባቂዎች ናቸው፤ የክልሉን ገመድ አልፎ የተገኘ ቲኬቱን ይነጠቃል። ሕጉ የወጣው የበረዶ ናዳ ሰው ከገደለ በኋላ ነው፤ ጥብቅነቱ ደስ ይለኛል። በበሩ የሚወጣ ሰው የናዳ መፈለጊያ መሣሪያ፣ አካፋና መመርመሪያ ዘንግ መያዝ አለበት። እኛ አልያዝንም፣ አልወጣንም።

አንድ ቀን ድንገት ጠራና ፊት ለፊት ዮቴይ የሚባለው እሳተ ገሞራ ታየ፤ 1,898 ሜትር፣ ቁርጥ የፉጂን ተራራ። ሁሉም ስልኩን አወጣ። በረዶው ግን ስላልታደሰ እስከ ረፋድ ድረስ ሁሉም ቦታ ተረግጦ አለቀ። እኔ ደመናውን እመርጣለሁ።

ማታ ሂራፉ ላይ መብራት ይበራል። የሚገርመው፣ መብራቱ ጥላ ስለሚፈጥር ጉብታው ከቀኑ ይልቅ ለይቶ ይታያል። ጓደኛዬ እስኪዘጋ ድረስ ሲመላለስ እኔ ፍል ውኃ ገብቼ ጉልበቴን አፍታታሁ።