ለጎረቤቶቼ የመሬት መንቀጥቀጡን በሊጥ ሳስረዳ

ታህሳስ 26 2017 ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ኮንዶሚኒየማችን ሲወዛወዝ ሰው ሁሉ ጋቢውን እየጎተተ ግቢ ወረደ፣ ጂኦሎጂ መማሬን የሚያውቁት ደሞ ቀጥታ ወደኔ መጡ። እኔም ደስ ብሎኝ ጀመርኩት በቃ፣ የኑቢያ ፕሌት፣ የሶማሊያ ፕሌት (ፕሌት ማለት ከምድር ቅርፊት ትልልቅ ቁራጮች አንዱ ነው)፣ ስምጥ ሸለቆ ምናምን፣ መጨረሻ ላይ "ባጭሩ ኢትዮጵያ ለሁለት እየተከፈለች ነው" አልኩ። ፀጥ። አንድ ጋሼ "ደሞ አሁን ማን ነው የሚከፍላት?" አሉ። ለካ ፖለቲካ መስሏቸው ነው።

ሌላው ጥፋቴ መሳቄ ነው። አንዷ ልጅ ዶፈን የሚባለው ተራራ ላይ ጭስ ሲወጣ በቪዲዮ አይታ "እሳተ ገሞራ ፈነዳ አይደል?" ስትለኝ ሳቅኩባት፣ ከዛ በኋላ ማንም አልጠየቀኝም። ጥያቄው እኮ ጥሩ ነበር። የወጣው እንፋሎትና አቧራ ነው እንጂ ላቫ አልፈሰሰም፣ ግን ከስር የቀለጠ ድንጋይ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መሀል መሬቱን እየሰነጠቀ እየገፋ ነበር፣ መንቀጥቀጡንም ያመጣው እሱ ነው፣ ስለዚ ልጅቷ ከኔ በላይ ለእውነቱ ተጠግታ ነበር።

የገና ዋዜማ እትዬ ለድፎ ዳቦ ሲያቦኩ ገባሁና ትንሽ ሊጥ ለመንኩ። ሰፌድ ላይ ጠፍጠፍ አድርጌ ከላዩ ደረቅ ዱቄት በተንኩና እሳቸው በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል ቀስ እያልን ሳብነው። ሊጡ ዝም ብሎ ይለጠጣል፣ ከላይ ያለው ዱቄት ግን ስንጥቅጥቅ ይላል። "ሊጡ ከስር ያለው ትኩስ አለት ነው፣ ዱቄቱ እኛ የቆምንበት" ስላቸው "ታዲያ ምን ያህል ነው የሚጎተተው?" አሉኝ። ሁለቱ ፕሌቶች የሚራራቁት በዓመት 5 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ጥፍራችን በሁለት ወር የሚያድገውን እንኳን አይሞላም። ግን ሁሌ እንዲህ ቀስ አይልም፣ በ1998 መስከረም አፋር ዳባሁ እሳተ ገሞራ ጋ 60 ኪሎሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ በቀናት ውስጥ ቦታ ቦታ ላይ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል።

የመንቀጥቀጡን መጠን የሚለካውን ቁጥርም በሲኒ አስረዳሁ፣ 5 አንድ ሲኒ ቡና ከሆነ 6 ማለት 32 ሲኒ ነው፣ 7 ደሞ 1000 ሲኒ፣ ጉልበቱ እንዲህ ነው የሚጨምረው። የዛን ሌሊቱ 5.7 ነበር። ቲክቶክ ላይ "በዚህ ቀን 7 ይመጣል" ለሚሉት ደሞ ቀንና ሰዓት ቆርጦ የሚናገር ሳይንቲስት የትም የለም አልኩ፣ ይሄን ሶስቴ መድገም ነበረብኝ።

ከሁሉ በላይ የገባኝ ግን ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ፕሌት ሳይሆን "ቤቴ ይወድቃል ወይ?" የሚለውን ነው። አሁን ከሱ ነው የምጀምረው፣ ምንጩ ከኛ ሩቅ ነው፣ ፈጣኑ ንዝረት መንገድ ላይ ይደክምና እኛጋ የሚደርሰው ዝግ ያለው ውዝዋዜ ነው፣ እሱ ደሞ ፎቅ ይወዳል፣ ረጅም ህንፃን የበለጠ ያወዛውዛል፣ ቤታቸው የተሰነጠቀውና የተፈናቀሉት አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ያሉት ናቸው።

ምድር ቤት ያሉት እማማ ግን የዛን ሌሊት እንቅልፋቸው እንኳን አልተቋረጠም፣ ፎቅ ይወዳል ብዬ ባስረዳቸውም እስካሁን "ላይ ያላችሁት ስትጨፍሩ ነው" ነው የሚሉኝ።