የፈራ ሰው ጠፋ

የዛቻ ክስ ያለ ፈሪ አይቆምም። ጎንደር ላይ ፈሪ ፈልጎ ማግኘት ምን እንደሚመስል ደግሞ እዚህ ጥብቅና የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። የማወራው ከሐምሌ 2015ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በፊት የሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ቢሆን ኖሮ ቁጭ ብሎ አንቀጽ የሚቆጥር ስለማይገኝ ይህ ወሬ ራሱ አይኖርም ነበር።

ደንበኛዬ ቅዳሜ ገበያ በኩል ሲሰፉ የኖሩ አዛውንት ናቸው። ኅዳር ላይ ስለ ውሃ ስብሰባ ተጠራ። አመራሩ መድረክ ላይ ወጥቶ የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላቱን ሲያስረዳ ቆየ። ደለሉ እውነት ነው፤ ሕዝቡ ግን ይህን ማብራሪያ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዞታል። እሳቸው እጃቸውን አወጡና እንዲህ አሉ፦

«የፋሲልን መዋኛ ለጥምቀት የምትሞላበት ውሃ ታገኛለህ፤ ለእኛ ሲሆን ታጣለህ። እስከ ከተራ ቧንቧችን ካልመጣ፣ ታቦቱ ሳይወርድ አንተን ነው እዚያ የምነክርህ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ «ዘራፍ ይበሉ እንጅ!» ብሎ ጮኸ። አንዱ ወጣት በስልኩ ቀርጾት ኖሮ ማታውን ፌስቡክ ላይ ዋለ። በማግስቱ ሰውየው ጣቢያ ናቸው።

ልጃቸው እያለቀሰች መጥታ ይዛኝ ሄደች። መርማሪው ኢንስፔክተር ከዚህ በፊትም በብዙ መዝገብ የተገናኘን፣ ክፋት የሌለበት፣ ግን በላይ አለቃ ስልክ የሚደነግጥ ሰው ነው።

«በምን ጠርጥራችሁ ነው የያዛችኋቸው?» አልሁት።

«በጥላቻ ንግግር።»

«የማንን ብሔር ሰደቡ?»

«አመራር ላይ ነዋ የተናገሩት።»

አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ብሔር አለ፣ ሃይማኖት አለ፣ ዘር፣ ጾታ፣ አካል ጉዳተኝነት አለ። «ሥልጣን ብሔር የሆነው መቼ ነው?» አልሁት። አልሳቀም።

«እሽ፣ ሙከራ ይሁን» አለ። ሙከራ የሚባለው ድርጊቱን መፈጸም ሲጀመር ነው። ማሰብ አያስቀጣም፤ መዘጋጀት እንኳ በመርህ ደረጃ አያስቀጣም። ደግሞም በኅዳር መዋኛው ደረቅ ነው፤ የቀሐ ውሃ የሚገባበት ጥምቀት ሲቃረብ ነው። «ከደረቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚነክሩት?» ብለው «ጥር ላይ ይሞላላ!» አለኝ። ይችን መልስ እስካሁን እወድለታለሁ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰኔ 15ን ረሳኸው?» አለ። ዝም አልሁ። በ2011 የክልሉ ርእሰ መስተዳድር ባሕር ዳር ላይ፣ ቢሯቸው ውስጥ ስብሰባ ላይ እያሉ ተገድለዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ የፖሊስ ጆሮ እንደ ቆመ ነው፤ በዚህ አልፈርድበትም። እኔም ብሆን የዛቻ ነገር ቀልድ ነው የምል ሰው አይደለሁም። የሰው በር ላይ እየተመላለሰ የልጁን መውጫና መግቢያ ሰዓት ጽፎ የሚልክ፣ ወይም አደባባይ ቆሞ «እገሌን ውጡና ምቱት» የሚል ቢመጣብኝ ቀድሜ ጣቢያ የምሄደው እኔ ነኝ። የእኒህ ሽማግሌ ነገር ግን ሌላ ነው።

«ሕዝቡ እኮ ስቋል» አልሁት። እዚህ ላይ ትንሽ ትምህርት ማሳየት አማረኝና የአሜሪካውን የዋትስን ጉዳይ አነሣሁበት። እ.ኤ.አ. 1966 ዋሽንግተን ላይ አንድ የ18 ዓመት ልጅ ለውትድርና መጠራቱን ሲቃወም፣ ጠመንጃ ካስያዙኝ መጀመሪያ የማነጣጥረው ፕሬዝዳንት ጆንሰን ላይ ነው አለ። እዚያ ፕሬዝዳንትን ያስፈራራ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር የሚያደርግ የ1917 ሕግ አለ። ልጁ ጥፋተኛ ተባለ። በ1969 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሻረው፤ የተናገረው በ«ከሆነ» የታሰረ ነው፣ የሰሙትም ሲስቁ ነበር፣ ይህ የፖለቲካ ግነት እንጅ እውነተኛ ዛቻ አይደለም ብሎ።

ኢንስፔክተሩ በጽሞና ሰማኝ። «እዚያ የሳቁት ምስክር ሆነዋል?»

«እንጃ፤ መሳቃቸው ግን መዝገብ ላይ አለ።»

«እኔ ከሳቁት ሁለቱን ጠርቼ ቃል ተቀብያለሁ።»

«ምን አሉ?»

«አልሳቅንም አሉ።»

ከዚህ በኋላ ሁለታችንም ወደ ወንጀል ሕጉ ተመለስን። አንቀጽ 580፣ ዛቻ። ከስድስት ወር የማይበልጥ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር የማይበልጥ መቀጮ። ትንሿ አንቀጽ ሁለት ነገር ትጠይቃለች፤ ዛቻው ተበዳዩን ያሸበረ ወይም ያስደነገጠ መሆን አለበት፣ ክሱም የሚመጣው በግል አቤቱታ ነው። አቤቱታውን ገልጬ ባይ የፈረመው የአመራሩ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው።

«ይኼ ሰው ነው ወይ የደነገጠው?» አልሁ።

«እሱማ ተልኮ ነው።»

«እንግዲያው የደነገጠው ይምጣና ይፈርም።»

ኢንስፔክተሩ ስልኩን አነሣ። የአመራሩ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ለእኔም ይሰማል፤ ሰውየው በተፈጥሮው ቀስ ብሎ አያወራም።

«ክቡርነትዎ፣ ቃል መስጠት ያስፈልጋል። ማለት... በንግግሩ ደንግጫለሁ፣ ሰግቻለሁ ተብሎ።»

«ማን ነው የደነገጠ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? አንድ ሽማግሌ ሰፊ እኔን ሊያስደነግጠኝ?»

«ሕጉ እንደዚያ ስለሚል ነው፣ ክቡርነትዎ።»

«እኔ አልፈራሁም! አልፈራሁም ብለህ ጻፍ! ግን ይጠየቅልኝ!»

ኢንስፔክተሩ ስልኩን ዘግቶ እኔን አየኝ። «አልፈራሁም፣ ግን ይጠየቅልኝ የሚል አንቀጽ አለ?» አለኝ። የለም አልሁት።

እዚህ ላይ ነገሩ አለቀ ብዬ ደንበኛዬን ላጽናና ወደ ማረፊያ ክፍሉ ሄድሁ። ቃላቸውን ሲሰጡ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቢሉ መዝገቡ ያለ ችግር ይዘጋል።

«ጋሼ፣ ለቀልድ የተናገርሁት ነው ይበሉ። በቃ።»

«ቀልድ አይደለም።»

«ሰው ሁሉ ስቆ የለም እንዴ?»

«የሳቀ ጥርሱ ስላማረለት ይሆናል። እኔ የምሬን ነው።»

«ጋሼ፣ የምሬን ነው ካሉ እኮ ዛቻ ሊሆን ነው።»

«ይሁናላ! በስተርጅና ቀልደኛ ልባል? እነክርሃለሁ ያልሁትን እነክረዋለሁ።»

ላብ አጠመቀኝ። «ሊገሉት ነው እንዴ ታዲያ?»

አዛውንቱ እንደ ጅል አዩኝ። «ምን በወጣኝ! ነክሬ አወጣዋለሁ። ጥምቀት እኮ ነው፣ ልጄ።»

በዚያች መልስ ውስጥ ሙሉ መከላከያዬን አገኘሁ። በጥምቀት ጧት ውሃው ከተባረከ በኋላ ስንት ጎረምሳ በልብሱ እየዘለለ የሚገባበት መዋኛ ነው፤ እዚያ መነከር በየትኛው ሐኪም ማስረጃ ነው ከባድ ጉዳት የሚባለው? ለዐቃቤ ሕግ ማመልከቻ ጻፍሁ። ተበዳይ የተባለው ሰው አልደነገጠም፣ አቤቱታውን ራሱ አላቀረበም፣ ንግግሩ በቅድመ ሁኔታ የታሰረ ነው፣ የተጠቀሰው አደጋ በበዓል ቀን የተለመደ ነው፣ አድማጭም በሳቅ የተቀበለው፣ «ለጨዋታ ያህል የተነገረ» ነው አልሁ። መጨረሻዋን ሐረግ የጨመርኋት አስቤበት ነው። ዐቃቤ ሕግ መዝገብ ሲዘጋ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ ዛሬም ቢሆን እጽፋታለሁ።

አርባ ስምንት ሰዓቱ ሳይሞላ ተለቀቁ፤ መዝገቡም ቆይቶ ተዘጋ። አንድ የሙያ ባልደረባዬ «እኔ ነኝ ያስፈታኋቸው» እያለ ፒያሳ ላይ እንደሚያወራ ሰምቻለሁ። ያን ሰሞን አዲስ አበባ ነበር። ይናገር። አመራሩም በሌላ ስብሰባ «እኔ ይቅር ስላልሁ ነው» ማለቱን ነግረውኛል። ውሃው አንዳንድ ቀን መምጣት ጀምሯል፤ ከዛቻው ጋር ይገናኝ አይገናኝ አላጣራሁም።

እኔ ግን ከደንበኛዬ ጋር ተጣላሁ። የልጅ ልጃቸው የማመልከቻውን ቅጅ ታነብላቸዋለች፤ «ለጨዋታ ያህል» ላይ ስትደርስ ደግሚው አሏት። በማግስቱ ቢሮዬ መጥተው ቆመው ቀሩ፤ ቁጭ ይበሉ ብላቸው እንቢ አሉ።

«ተጫዋች ነው ብለህ የጻፍህብኝ አንተ ነህ?»

«እንዲለቀቁ ነው፣ ጋሼ።»

«እሱ አልፈራሁም ብሎ ስሙን አስከበረ። የእኔን ስም ማን ያስከብረው?»

የአገልግሎቱን ክፍያ ጠረጴዛዬ ላይ ቆጥረው አስቀመጡ፤ ሳንቲም አላጎደሉም። እጀታውን እንዲያሳጥሩልኝ የሰጠኋቸው ኮት እሳቸው ዘንድ ነበር። ልጄን ልኬ ባስጠይቅ «ተጫዋች ኮት አይሰፋም በለው» ብለው መለሱት።