ዛሬ ሊስቴሪያ አረንጓዴ ሲያበራ አየሁ

ዛሬ ላብራቶሪ ውስጥ ሊስቴሪያ የሚባለውን ምግብ የሚበክል ባክቴሪያ በብርሃን ስንለይ ያየሁትን ሳልጽፍ መተኛት አልቻልኩም። ፌጅ ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቃ ቫይረስ ነው አይደል፣ እኛ ግን ፌጁን ራሱን አልተጠቀምንም፣ ፌጁ የባክቴሪያውን ሴል አፍርሶ ለመውጣት የሚጠቀምበት ኢንዶላይሲን የሚባል ኢንዛይም አለ፣ ከሱ ላይ የሴሉን ግድግዳ የሚቆርጠው ክፍል ይቀርና ግድግዳው ላይ የሚጣበቀው ክፍል ብቻ ተወስዶ ጂኤፍፒ ከሚባለው ከጄሊፊሽ የተገኘ አብሪ ፕሮቲን ጋር በጂን ደረጃ ይገጣጠማል። በቃ! ናሙናው ላይ ጠብ ይደረጋል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ይታጠባል፣ ከዛ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ሊስቴሪያዎቹ ብቻ ቦግ ይላሉ፣ አብረው የተደባለቁት ኢ ኮላይ የሚባሉት ሌሎች ባክቴሪያዎች እዛው ጨለማ ውስጥ ናቸው።

በጣም የገረመኝ ደሞ ኤ118 ከሚባለው ፌጅ የመጣው ፕሮቲን የሴሉ ጫፍና መሃል ላይ የሚከፈልበት ቦታ ላይ ሲሰበሰብ ኤ500 ከሚባለው ሌላ ፌጅ የመጣው ግን ዙሪያውን እኩል ያለብሰዋል። የሚይዙት ዓይነትም ለየቅል ነው፣ የኤ500ው ሴሮቫር (የባክቴሪያው ንዑስ ዓይነት) 4፣ 5 እና 6ን ነው የሚወደው። አንድ ፕሮቲን ይሄን ያህል መራጭ ሲሆን ማየት ደስ ይላል በጣም!

ሊስቴሪያ ነፍሰ ጡር ላይ ፅንስ የሚያስወርድ ነገር ነው፣ በካልቸር አሳድጎ ማረጋገጥ ደሞ ቀናት ይፈጃል፣ ስለዚህ ፍጥነቱ ቀላል ነገር አይደለም። ግን የሞተ ሴልም ግድግዳው እስካለ ድረስ ያበራል፣ ምግብ ውስጥ ደሞ ባክቴሪያው ጥቂት ስለሚሆን በቀጥታ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፣ ለዛ ነው ይሄንኑ ፕሮቲን ማግኔቲክ ቢድ (በማግኔት የሚሳብ በጣም ትንሽ እንክብል) ላይ ለጥፎ መጀመሪያ ሴሎቹን ለቅሞ መሰብሰብ ያስፈልጋል የምለው።