ሰማያዊው ቀለም የተገለበጠበት ፕሮጀክተር

ይሄን የምጽፈው ፕሮጀክተር ለምትጠግኑ ልጆች ነው፣ እኔ ሁለት ቀን ሙሉ የለፋሁበትን እናንተ ቶሎ እንድትጨርሱት።

ሶስት ፓኔል (ምስሉን የሚሰሩ ትንንሽ ስክሪኖች፣ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንዳንድ) ያለው ኤልሲዲ ፕሮጀክተር መጣልኝ፣ ጥቁር ምስል ሲወጣ መሀሉ ላይ ሰማያዊ ደመና የመሰለ ነገር ይታያል። የታወቀ በሽታ ነው፣ የሰማያዊው መውጫ ፖላራይዘር፣ ማለትም ከፓኔሉ በኋላ ተቀምጦ በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዘውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፈው ፊልም፣ ተቃጥሏል ማለት ነው። ከሶስቱ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው፣ ሰማያዊ ብርሃን ሞገዱ አጭር ጉልበቱ ከባድ ስለሆነ ከሙቀቱ ጋር ተደምሮ ፊልሙን ቀስ በቀስ ይበላዋል፣ በመጨረሻ ፊልሙ ማገድ ያለበትን ብርሃን ማገድ ያቅተዋል።

ፈትቼ አወጣሁት፣ መሀሉ ገርጥቷል፣ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። አዲሱን ከትልቅ ፊልም ላይ ስቆርጥ አቅጣጫውን ከጎኑ ካለው ከአረንጓዴው ወሰድኩ፣ ሶስቱም አንድ ናቸው ብዬ ነዋ። ገጥሜ አበራሁትና ነጭ ገጽ ላይ ጥቁር ጽሁፍ ከፈትኩ፣ ግድግዳው ላይ የወጣው ግን ቢጫ ገጽ ላይ ሰማያዊ ጽሁፍ! ሰማያዊው ብቻውን ተገልብጧል፣ መብራት ያለበት ቦታ ጠፍቶ መጥፋት ያለበት ቦታ በርቷል። ደነገጥኩ። ፍላት ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ፣ ቦርድ ቀየርኩ፣ ያው ነው። ፓኔሉን ገደልኩት ብዬ ሌላ ልናዝዝ ስንል ነው ሲኒየራችን የመጣው።

ምንም ሳይል ከተረፈው ፊልም ቁራጭ አነሳና ያው ሞዴል የሆነ ደህና ፕሮጀክተር ነጭ አስወጥቶ ሌንሱ ፊት ያዘው። ግድግዳው አረንጓዴ ሆነ። ቀስ እያለ 90 ዲግሪ አዞረው፣ አረንጓዴው ጠፍቶ ማጀንታ (የቀይና የሰማያዊ ድብልቅ) ሆነ። እስከዛሬ ዓይኔ ላይ አለ።

«አየህ፣ እዚህ ውስጥ ብርሃን በቀለም ብቻ አይደለም የሚለየው፣ በሚወዛወዝበት አቅጣጫም ነው» አለኝ። ነጩን ብርሃን ለሶስት የሚከፍሉት ዳይክሮይክ መስታወቶቹ ናቸው፣ መልሶ የሚያገናኘው ፕሪዝም ግን ቀይና ሰማያዊውን አንጸባርቆ አረንጓዴውን በቀጥታ ያሳልፋል፣ ሽፋኑ ደግሞ በአንዱ አቅጣጫ የሚወዛወዘውን በደንብ ያንጸባርቃል፣ በሌላው ያለውን በደንብ ያሳልፋል፣ ስለዚህ በብዙ ማሽኖች አረንጓዴው ከሁለቱ በ90 ዲግሪ ተለይቶ ነው የሚወጣው። እኔ ለሰማያዊው የአረንጓዴውን አቅጣጫ ሰጥቼዋለሁ።

«አሮጌው የታለ?» አለ። ከቅርጫት አወጣሁለት። «መሀሉ ነው እንጂ የሞተው፣ ጠርዙ እኮ ይሰራል» ብሎ ከአዲሱ ፊልም ጋር ደርቦ ለመብራት ያዘውና አዞረው፣ መሀሉ እንደገረጣ ቀርቶ አራቱ ማዕዘኖች ድቅድቅ ጥቁር ሆኑ። እዛ ላይ የሁለቱ አቅጣጫ በ90 ዲግሪ ተጣርሷል፣ አንዱ ያሳለፈውን ሌላው ያግደዋል ማለት ነው፣ ከዛ አዲሱን 90 ዲግሪ አዙሮ መቁረጥ ብቻ። ቆረጥነው፣ ገጠምነው፣ ጥቁሩ ጥቁር ሆነ።

አሁን ማንኛውንም ፊልም ከማውጣቴ በፊት ማዕዘኑ ላይ በማርከር ምልክት አደርጋለሁ፣ አሮጌውንም ጥቁር ገጽ ግድግዳ ላይ አይቼ ሳልጨርስ አልጥለውም።