ማዕረግ የሌለበት ድንጋይ፦ የአዲስ ዓመት መልእክት

ውድ ወዳጆቼና ጽሑፎቼን የምትከታተሉ ሁሉ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋግሮ አደረሳችሁ! በየዓመቱ በዚህ ሰሞን አጠር ያለ ሰላምታ ልኬላችሁ አልፍ ነበር፤ የዘንድሮው ግን ረዘም ይላል። በጳጉሜን፣ አሮጌው ዓመት ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ከእኛ ጋር ወደ አየር ኃይል የበረራ ትምህርት ቤት ገብተው በሥራ ላይ ሳሉ ላጣናቸው የኮርስ ጓደኞቻችን ቢሾፍቱ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ መርቀናል። ፎቶግራፉን ያያችሁ ብዙዎች «ስማቸው ለምን ያለ ማዕረግ ተጻፈ?» ብላችሁ ስለጠየቃችሁኝ፣ የበዓሉን ሰላምታ ከመልሱ ጋር አንድ ላይ ላቀርብላችሁ ወደድሁ።

ድንጋዩ ትልቅ አይደለም። ከኮርሳችን አንዱ ወደ ባቦጋያ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው ግቢው ቆርሶ በሰጠን ቦታ ላይ የቆመ፣ በሰው ቁመት ልክ የተጠረበ ጥቁር ድንጋይ ነው። አደባባይ ላይ ወይም በጦር ሰፈሩ ውስጥ ይቁም ያሉ ወንድሞች ነበሩ፤ ሐሳባቸው ተገቢ ቢሆንም፣ ፈቃድ ስንጠይቅና ስንጠብቅ የቀረነውም እናልቃለን የሚለው ክርክር አሸነፈ። (ይህን ያለው በዕድሜ ከሁላችንም የሚያንሰውና እስከ ዛሬ ማለዳ ማለዳ የሚሮጠው ወዳጃችን መሆኑ ሁላችንንም አስቆናል።) ቦታው አንድ መልካም ነገር አለው፤ ከሐረር ሜዳ፣ ከቢሾፍቱው የአየር ኃይል ጣቢያ፣ የሚነሣ አውሮፕላን ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማበታል።

የተቀረጸው ስም ከነአባት፣ ዓመተ ምሕረትና ሟቹ ይበረው የነበረው የአውሮፕላን ዓይነት ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉም በሞቱበት ጊዜ ነው። ማዕረግ መተዉን የተቃወሙት ወንድሞች ምክንያት ቀላል አልነበረም፤ ሰው በላቡና በደሙ ያገኘውን ማዕረግ ከሞተ በኋላ የመንጠቅ ሥልጣን ማን ሰጣችሁ ይሉን ነበር፤ መንግሥት በተለዋወጠ ቁጥር መኮንኖች ማዕረጋቸውን ባጡበት አገር ይህ ጥያቄ ያማል። እኔ ግን ከጅምሩ በሌላኛው ወገን ነበርሁ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ትምህርት ቤቱ ስንገባ ሁላችንም ዕጩ መኮንኖች ነበርን፤ ሳፊር በሚባለው ትንሽ የመለማመጃ አውሮፕላን ተራ እየጠበቅን ጀመርን፣ የአስተማሪዎቹን ቁጣ እኩል ተካፈልን፣ ከዚያም ወደ ባለ ፕሮፔለሩ ቲ 28 እና ወደ ጄቱ ቲ 33 አብረን አለፍን። ከመካከላችን አንዱ ኮሎኔል ሆኖ ሞተ፤ ሌላው የአብራሪነት ምልክት የሆነውን ክንፍ ደረቱ ላይ ሳይሰካ ሞተ። በማዕረግ ብንደረድራቸው ያ ዕጩ ሁልጊዜ ግርጌ ላይ ይቀር ነበር። አሁን ግን ከሁሉም በላይ ያለው የእሱ ስም ነው፤ ቀድሞን የሄደው እሱ ነውና።

የእሱን አሟሟት ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ በልምምድ ላይ ስለሞተ አብራሪ ሲነሣ ብዙ ሰው «ምነው በጦር ሜዳ በሆነ» ይላልና። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚያ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ላይ ካለው በ17 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። በዚህ ምክንያት የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል፣ ሲያርፍም በከፍተኛ ፍጥነት ይመጣል፤ ጀማሪው ስሕተቱን የሚያርምባት ጊዜም በዚያው ልክ ታጥራለች። ክረምት ሲሆን ደግሞ ጠዋት ጥርት ብሎ የነበረው ሰማይ ከቀትር በኋላ በደመና ይዘጋል።

ጓደኛችን በአንድ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ ብቻውን ቲ 28 እያበረረ ሲመለስ ደመና ውስጥ ገባ። ደመና ውስጥ አድማስ አይታይም። በውስጠኛው ጆሯችን ያለው ፈሳሽ መዞር ስንጀምር ያስታውቀናል፤ ዙሩ ሳይለወጥ ሃያ ሰኮንድ ያህል ከቀጠለ ግን ፈሳሹም አብሮ ስለሚዞር ቀጥ ብለን የምንበር ይመስለናል። ያን ጊዜ አብራሪው አውሮፕላኑን ቢያቃናው ሰውነቱ ወደ ሌላኛው ጎን እየዞርህ ነው ይለዋል፤ ሰውነቱን አምኖ ወደ ነበረበት ሲመልሰው አፍንጫው ይደፋል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ከፍታ ለማግኘት መሪውን በሳበ ቁጥርም ዙሩ እየጠበበ ይሄዳል። አስተማሪዎቻችን «ሰውነትህን አትመን፣ መሣሪያውን እመን» ይሉን የነበረው ለዚህ ነው። ምክሩን ሁላችንም በቃላችን እናውቀው ነበር። ይሁን እንጂ ከተወለደ ጀምሮ ሲያምነው የኖረውን ሰውነቱን በሰኮንዶች ውስጥ ውሸታም ነህ ለማለት የሚበቃው ብዙ ሰዓት የተለማመደ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ያን ሰዓት ገና እየሰበሰበ ነበር። ከእሱ በኋላ ውጭውን እንዳናይ ተሸፍነን በመሣሪያ ብቻ የምንበርበት የልምምድ ሰዓት ተጨመረልን። እኔም በኋላ ዘመን ደመና ውስጥ ገብቼ በሰላም የወጣሁባቸው ቀናት የእሱ ዕዳ አለባቸው ብዬ አምናለሁ። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ካረፈና ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ከሆኑ ወዲህ፣ የአየር ኃይላችን ታሪክ ሲተረክ የሚነሡት ቀዳሚዎቹና ድል አድራጊዎቹ ናቸው፤ በልምምድ የወደቀው ልጅ ግን ከገዛ ቤተሰቡ በቀር የሚያነሣው የለም።

ከዝርዝሩ ሰፊውን ቦታ የያዘው የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት ነው። ስለ ኤፍ 5 ተዋጊ ጄት አብራሪዎች ጀብዱ ብዙ ስለተነገረ እኔ አልደግመውም፤ በምረቃው ዕለት ስላየሁት አንድ የበረራ መዝገብ ግን ሳልናገር አላልፍም። ወንድሟ ሲሞት ተማሪ የነበረች፣ ዛሬ ጡረታ የወጣች እኅት በጨርቅ ጠቅልላ ያመጣችውን መዝገብ ገልጣ አሳየችን። ቀን፣ የአውሮፕላን ዓይነት፣ ሰዓት፣ የአስተማሪ ፊርማ በየዓምዱ ተሞልቷል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን የበረረበት መስመር ሥር በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። አብራሪ መዝገቡን የሚሞላው ካረፈ በኋላ ስለሆነ የመጨረሻው በረራ አልተጻፈም። «ጋሼ፣ ያን ቀን አብረውት ከተነሡት አንዱ እርስዎ ነዎት አሉ፤ እባክዎ ይቺን መስመር ይሙሉልኝ» አለችው፣ ዊንግማኑ፣ ማለትም በጎኑ አጅቦት ይበር የነበረውን ጓደኛችንን። ተቀምጦ ቀኑን ጻፈ፤ የአውሮፕላኑን ዓይነት ጻፈ፤ ሰዓቱ ዘንድ ሲደርስ ቆም ብሎ ካሰበ በኋላ ከተነሡበት እስከ ተመታበት ድረስ ያለውን ደቂቃ ሞላ። «ብቻውን ነበር ወይ?» ብላ ስትጠይቀው፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ብቻውን እንደነበረ፣ በሬዲዮ ግን እስከ መጨረሻው ይሰሙት እንደነበረ ነገራት። ከዚያ በላይ አልጠየቀችም።

ከአንዱ ስም አጠገብ የሞት ዓመት የለም። አስከሬኑ ስላልተገኘ የተጻፈው ለመጨረሻ ጊዜ የተነሣበት ቀን ብቻ ነው። ቤተሰቡ ለዓመታት ለቅሶ አልተቀመጠም፤ ተስፋቸውም መሠረት የሌለው አልነበረም። ጄኔራል ለገሠ ተፈራ በዚያው ጦርነት አውሮፕላናቸው ተመትቶ ከተማረኩ በኋላ 11 ዓመት ያህል በሶማሊያ እስር ቤት ቆይተው፣ በ1980 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች ከተስማሙ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። በሌላ በኩል፣ በደርግ ዘመን በኤርትራ በነበረው ጦርነትም ተማርከው የተመለሱት ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ በ1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት አስመራ ላይ አውሮፕላናቸው ተመትቶ እንደገና ከተማረኩ ወዲህ የት እንደደረሱ በይፋ አልተነገረም። እንዲህ ያሉ ሁለት ታሪኮች ባሉበት አገር፣ ቤተሰቡ ሞተ ያላለውን ሰው ሞተ ብሎ በድንጋይ ላይ መጻፍ የእኛ ሥልጣን አይደለም ብለን ተስማማን።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን በጦርነቱ ተርፎ፣ ከግንቦት 1981 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ በገዛ መንግሥቱ የተገደለው ወንድማችን ስም ነው። አንዳንዶች ድንጋዩን ወደ ፖለቲካ ይጎትተዋል ብለው ፈሩ፤ ሌሎች ደግሞ በበረራ ላይ አልሞተም አሉ። ሁለተኛውን ምክንያት ጨርሶ ልቀበለው አልቻልሁም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አየር ኃይሉን በማደራጀት ስማቸው የሚነሣው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን እንኳ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ የተገደሉት አየር ላይ ሳይሆን ምድር ላይ ነበር፤ አብራሪ አይደሉም የሚላቸው ግን አላጋጠመኝም። በመጨረሻ ስሙ ገባ፤ እንዴት እንደሞተ አልተጻፈም፤ የማንም አሟሟት አልተጻፈምና። ታመው በአልጋቸው ላይ ያረፉትን ግን አላካተትንም፤ ያ የቀረነውም ዕጣ ስለሆነ የገዛ ስማችንን አስቀድመን እንዳናስቀርጽ ሰጋን።

አንድ የምለምናችሁ ነገር አለ። የአንዳንዶቹን ቤተሰብ እስካሁን አላገኘንም፤ ወላጆች አልፈዋል፣ እኅትና ወንድሞች በየአገሩ ተበትነዋል። በቤታችሁ ግድግዳ ላይ ወይም በአሮጌ አልበም ውስጥ የበረራ ልብስ የለበሰ ወጣት ፎቶግራፍ ካለና ስለ እሱ የምታውቁት «አየር ኃይል ነበር፣ ሞተ» የሚለውን ብቻ ከሆነ፣ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ ላኩልኝ። የእኛ ኮርስ ባይሆንም እንኳ በሕይወት ካሉት የቀድሞ አብራሪዎች አብሮት የበረረ ሰው ፈልገን ለማገናኘት እንጥራለን። የበረራ መዝገብ ያላችሁም ባዶውን መስመር ይዛችሁ ኑ፤ የሚሞላው ሰው ዛሬ አለ፣ ሁልጊዜ ግን አይኖርም። ድንጋዩን ለማየት የምትፈልጉ ከመስቀል በኋላ በማንኛውም እሑድ ከቅዳሴ መልስ ብትመጡ ከእኛ አንዱ በግቢው አይጠፋም።

ለእናንተም ለቤተሰባችሁም፣ በተለይ ዛሬ በበረራ ላይ ልጅ ወይም ወንድም ላላችሁ ሁሉ፣ ዘመኑ የሰላምና የጤና ይሁንላችሁ። መልካም አዲስ ዓመት።