እግዜር ይስጥህ

ሆዴን ባር ባር ሲለው ነው የዋለው። ምክንያቱን ብፈልገው አንድ ነገር አይደለም። መብራት ከአመሻሹ ጀምሮ የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እማዬ ተኝታለች፤ እኔ ጧፍ አብርቼ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። የነሐሴን ጎንደር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጭጋጉ ወርዶ የፋሲልን ግንብ ይጋርደዋል፣ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ አይደርቅም፣ ሰው ሁሉ ነጠላውን ተከናንቦ በጭቃው መሀል ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጠ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ፍልሰታ ነው። ዛሬ ዘጠነኛው ቀን።

ልጽፍ የተቀመጥኩት ስለ መዝሙሩ ነበር። ለበዓሉ የምናቀርበውን መዝሙር እኔ እንደምመራው ነበር የማስበው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ለብቻዬ ሳጠናው ከርሜ፣ ዛሬ ማታ ጥናት ላይ ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ድምፅዋ ጥሩ ነው፣ ይገባታል። ግን ከፋኝ። ፈገግ ብዬ «እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት፤ ወደ ቤት ስመለስ ግን መንገዱን ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር ተሰንቅሮ ነው የመጣሁት። አገልግሎት ብዬ በምመላለስበት ነገር ውስጥ «የእኔ» የሚባል ነገር ከመቼ ጀምሮ እንደገባ ራሴን ልጠይቅ ነበር።

እስክሪብቶዬን ሳነሳ የመጣብኝ ግን የልጅቷ ድምፅ አይደለም። የቀኑ ድምፅ ነው።

«በእንተ ስማ ለማርያም!»

ሱቅ ግማሽ ቀን ሠርቼ፣ ቅዳሴ ሳይገባ ልብስ ልቀይር ቤት ደርሼ ነበር። ኤርፎን ጆሮዬ ላይ ነው፤ ያንኑ መዝሙር እየሰማሁ ከሥር ከሥሩ እላለሁ። ከበሩ ውጪ አንድ ልጅ ተጣራ። ድምፁ ገና አልጎረነነም። ኤርፎኑን አንዱን ነቀልኩና ከውስጥ ሆኜ «እግዜር ይስጥህ!» አልኩ። ዝም አለ። ያልሰማሁት መስሎት ነው መሰለኝ፣ ቀስ ብሎ ደገመው፤ «በእንተ ስማ ለማርያም... ስለ እመቤታችን።» እኔም ደገምኩ። «እግዜር ይስጥህ ብያለሁኮ!»

የግቢያችን በር ላሜራ ነው፤ ከሥሩ አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ነው። በዚያ ክፍተት እግሮቹን አየኋቸው። ኮንጎ ጫማ። የግራው ተበጥሶ በሲባጎ ታስሯል። ጭቃው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ደርቆ እንደገና ርሷል። ከደበሎው የሚወርደው ውሃ ጫማው ፊት ጠብ ጠብ ይላል። እግሮቹ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ዞሩ።

መሶቡ ውስጥ እንጀራ ነበረ። የትናንት ዳቦም ነበረ። በፍልሰታ እኛ ቤት ቅዳሴ ሳይወጣ የሚበላ ሰው የለም፤ ያ ሁሉ ተከድኖ ተቀምጧል። ከእኔ እስከ በሩ አሥር እርምጃ አይሞላም። አልረፈደብኝም። አልደከመኝም። በቃ መሀል ላይ ነበርኩ። መዝሙሩ መሀል ላይ።

ጆሮዬ ውስጥ የሚዘመረው ስለ እመቤታችን ነው። በሩ ላይ የሚለምነኝም በእመቤታችን ስም ነው፣ ያውም በእሷ ጾም። ያኔ አላስተዋልኩትም። ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ፣ ቆሜ አስቀደስኩ፣ ጠበል ጠጥቼ ተመለስኩ። አሁን በጨለማ ቁጭ ስል ነው ነገሩ የገባኝ።

በላዔ ሰብእ ትዝ አለኝ። ታሪኩን የማያውቅ የለም፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ተስሎ እያየነው ነው ያደግነው። 78 ሰው የበላ ሰው ነው። አንድ ቀን በመንገድ ላይ በውሃ ጥም የተቃጠለ ቁስለኛ ለማኝ አገኘ። ለማኙ በእግዚአብሔር ስም ለመነው፣ በቅዱሳን ስም ለመነው፣ እምቢ አለ። በማርያም ስም ሲለምነው ግን ልቡ ደነገጠ። ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ጉሮሮ እንኳ በደንብ የማታርስ ውሃ። ሞቶ ነፍሱ ለፍርድ ስትቀርብ ያች ጥርኝ ውሃ ከ78ቱ ነፍስ ጋር ተመዘነች፤ እመቤታችን ጥላዋን ጣለችባትና ሚዛን ደፋች። በየዓመቱ የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት እንሰማዋለን። ልጅ ሆኜ የሚያስፈራኝ 78ቱ ነበሩ። ትንሽ ከፍ ስል የውሃዋ ማነስ ገረመኝ። ዛሬ ማታ የያዘኝ ሌላ ነው። ያ ሰው ስሟን ሲሰማ ቆመ። እኔ ስሟን እየዘመርኩ አልቆምኩም።

«እግዜር ይስጥህ።» ይህን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደምለው ለመቁጠር ሞከርኩ። ፒያሳ ላይ ሕፃን ታቅፈው ለሚለምኑት እናት፣ ሱቁ ደጃፍ ለሚመጡት ሽማግሌ፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ እጁን ለሚዘረጋው ልጅ። ቃሉ ምርቃት ነው። ግን ትርጉሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ የሚለምነውም ያውቀዋል፤ «ከእኔ የለም፣ ሂድ» ማለት ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ የጻፈው ይህንኑ አይደል? ወንድም ወይም እህት ራቁታቸውን ሆነው፣ የዕለት ምግብ አጥተው ሳለ፣ «በደኅና ሂዱ፣ እሳት ሙቁ፣ ጥገቡም» ብሎ ባዶ እጃቸውን መሸኘት ምን ይጠቅማቸዋል ይላል። እኔ ይህን ክፍል ሰንበት ትምህርት ቤት ለልጆች አስተምሬበታለሁ። በእኛው አማርኛ፣ በእኔው አፍ ላይ እንዳለ ግን ልብ ብዬ አላውቅም። የሌለው ሰው «እግዜር ይስጥህ» ሲል ጸሎት ነው፤ እውነቱን ነው። መሶቤ ሞልቶ እኔ ስለው ግን ለእኔ የተሰጠኝን ሥራ መልሼ ለእግዚአብሔር መስጠቴ ነው።

ደግሞ የቆሎ ተማሪ! ጎንደር ተወልዶ ያደገ ሰው የቆሎ ተማሪን ከበር ይመልሳል? እማዬ ብትሰማ ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ። አትቆጣኝም። ዝም ነው የምትለኝ፣ እሱ ይብሳል። እነዚህ ልጆች ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከየገጠሩ ነው የሚመጡት፤ እናት አባታቸውን ትተው፣ ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ ለውሻው ዱላ ይዘው። የኔታ እግር ሥር ይቀጽላሉ፣ ሌሊት በቃላቸው ያጠናሉ፣ መሀል ላይ ቁራሽ ለቅመው ያድራሉ። ልመናው ራሱ ትምህርት ነው ይባላል፤ ትሕትና የሚማሩበት። የጎንደር አቋቋም፣ የዝማሬውና የሽብሸባው ትምህርት፣ የሚመሰከርበት በአታ ቤተ ክርስቲያን እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው። በበዓል ቀን ጽናጽልና መቋሚያ ይዘው ሲያሸበሽቡ ዓይናችንን ሳንነቅል የምናያቸው መሪጌቶች አንድ ዘመን በአንድ ሰው በር ላይ ቆመው «በእንተ ስማ» ብለዋል። የሆነች እናት እጇን ከሊጥ አውጥታ፣ በቀሚሷ ጠርጋ፣ ቁራሽ አምጥታላቸዋለች። ስሟን ማንም አያውቀውም። ዛሬ የምንሰማው ወረብ ውስጥ ግን የእሷ እንጀራ አለበት።

እኔ ደግሞ የማገለግለው ሲታይ ነው። ይህን መጻፍ ደስ አይልም፤ ግን እውነት ነው። በጥምቀት ብታዩኝ ሌላ ሰው ነኝ። ምንጣፍ ከሚያነጥፉት ጋር ነው የምሰለፈው። ከታቦቱ ፊት እናነጥፋለን፣ ያለፈበትን ጠቅልለን ተሸክመን እንሮጣለን፣ እንደገና እናነጥፋለን፤ እስከ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ድረስ እንዲሁ ነው። ውሃው ከቀሐ ወንዝ መጥቶ ገንዳው ሞልቶ ሲታይ ድካሙ ሁሉ ይጠፋል። ያን ቀን የገፋኝን ሰው እንኳ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ሰዓት ስላለው፣ ዩኒፎርም ስላለው፣ ሁላችንም አብረን ስለሆንን ቀላል ነው። አስመስላለሁ ማለቴ አይደለም። ያን ቀን ልቤ እውነት ነው። ግን ያ ልብ ጥር 12 አልፎ ሱቅ ስገባ የት ነው የሚሄደው?

ባለፈው ሳምንት ከገጠር የመጡ አባት ወረቀት ኮፒ ሊያስደርጉ ገቡ። በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን ደግሞ በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ነው ያመጡት። ኮፒውን አንስቼ ስሰጣቸው «ልጄ፣ ምን እንደሚል አንዴ እይልኝ፣ ለልጄ ጉዳይ ነው» አሉኝ። አራት ሰው ይጠብቀኛል። «አባባ፣ እኛ ኮፒ ነው የምናነሳው» አልኳቸው። ክፉ ቃል አልተናገርኩም። ድምፄ ግን በር ሲዘጋ የሚሰማው ዓይነት ነበር። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው፣ ፌስታሉ ውስጥ መልሰው፣ «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለውኝ ወጡ። ምኑን ነው እግዜር የሚሰጠኝ? አንድ ገጽ ነበረች፤ አንብቦ መንገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ከላይ ቤት ያሉት እትዬ ቢሆኑ ኖሮ... እሳቸው ማንበብ አይችሉም። ግን የሚችል ሰው ፈልገው እጃቸውን ይዘው ይወስዷቸው ነበር።

እኛ ሰፈር ውሃ ሲመጣ ሌሊት ነው፤ ስምንት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት። ስንት ቀን ጠፍቶ እንደሚመጣ አይታወቅም። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ያወጣል፣ ሽ... ይላል። ያን ድምፅ የሚሰሙት እትዬ ብቻ ናቸው፤ እንዴት እንደሚሰሙት አላውቅም። ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ግን ይነሳሉ። «ውሃ መጣ! አንች ልጅ፣ ውሃ መጣ!» እያሉ በየበሩ ያንኳኳሉ። የራሳቸውን ይሞላሉ። ከዚያ እግራቸውን ታመው ከቤት የማይወጡትን አባባ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ይሞላሉ። የአንደኛው ክዳን ከጠፋ ቆይቷል። ፌስታል አጥፈው አፉ ላይ ያለብሱና በጨርቅ ቁራጭ ጥብቅ አድርገው ያስሩታል፣ እንዳይፈስ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ በሁለት እጃቸው እየጎተቱ፣ ትንሽ እያረፉ፣ አባባ በር ላይ ያደርሱታል። አንድ ሌሊት በመስኮት ስመለከት ጨርቁን ፈትተው እንደገና ሲያስሩት አየሁ። መጀመሪያ ያሰሩት ላልቶባቸው ነው። በዚያ ሌሊት፣ ማንም ሳያያቸው፣ ላላ ብለው ፈትተው አሰሩት።

ጠዋት አባባ «ማን ቀዳልኝ?» ሲሉ መልሳቸው አንድ ነው። «እግዜር ሰጠዎ።»

እኔ «እግዜር ይስጥህ» ብዬ አልሰጥም። እሳቸው ሰጥተው «እግዜር ሰጠዎ» ይላሉ።

አንድ ጊዜ «እትዬ፣ እርስዎኮ ትልቅ አገልጋይ ነዎት» ብያቸዋለሁ። ከልቤ ነበር። ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «አገልግሎትማ እናንተ ጋ ነው ልጄ፤ እኔ ውሃ ነው የምቀዳው» አሉኝ። ያኔ ትሕትና መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው በትሕትና አልነበረም የተናገሩት፤ በእርግጥም ውሃ እየቀዱ ነው። ሌላ ስም አልሰጡትም። ስም ስላልሰጡት ማንም ሊወስድባቸው አይችልም።

ጧፉ እያለቀ ነው። ቅድም ተነስቼ ዳቦውን በጨርቅ ጠቅልዬ ከበሩ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ነገ ማንም ቢመጣ እማዬ እንድትሰጠው እነግራታለሁ። አይ፣ እኔ ነኝ መስጠት ያለብኝ፤ ሱቅ ትንሽ አርፍጄ እገባለሁ። ግን ነገ የሚመጣው ሌላ ልጅ ቢሆንስ? ለሌላው ብሰጥ ለዚያኛው ደረሰ ይባላል? የንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው መልስ አይጠፋቸውም፤ ምናልባትም የሚያጽናና መልስ ነው። እኔ ግን የማውቀው ይህን ነው፤ ዛሬ የተራበው ያ ልጅ ነው፣ ዳቦውም ለዛሬ ነበር።

ፊቱን አላየሁትም። እሱ ራሱ ቢመጣ እንኳ የማውቀው በሲባጎው ብቻ ነው።

ከእኛ በር ዞሮ ወዴት ሄደ? ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች? ከፍተውለት ይሆን?