አታካብድ አቦ፤ ሁለት ቀን በድሬዳዋ የሜዳ በር ላይ

ደንገጎ ላይ መንገዱ ወደ ሐረርና ወደ ድሬ ሲከፈል ሹራቤን አወለቅሁ። ከአዲስ አበባ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተን እስከዚያ ያለውን መንገድ በእንቅልፍ ነው የጨረስኩት። ቁልቁለቱ ግን አያስተኛም፤ በየጥምዝምዙ አንድ ልብስ የሚያስወልቅ ሙቀት ይጠብቃል።

ቦርሳዬ ውስጥ የአምስት ሜትር መለኪያ፣ ጠመኔ፣ ፊሽካና ሃያ ሜትር ገመድ ነበር። የመጣሁት የሰፈር ቡድኖች የዋንጫ ጨዋታ የሚካሄድበት አንድ የታጠረ ሜዳ ላይ ለበጎ ፈቃድ አስተናባሪዎች የተመልካች ደህንነትን ለማሳየት ነው። የሜዳውን ስም አልጠራም። እንዲህ ያለ በር ያለው ሜዳ በየከተማው ስላለ ስሙ ብዙም አይጠቅምም።

ከመናኸሪያ እስከ ከዚራ ባጃጁ 300 ብር ተቀበለኝ። የሆቴሏ እንግዳ ተቀባይ ስትሰማ ሳቀች። «አቦ፣ ኮንትራቱ 120 ነው፤ ሹራብህን በክንድህ አይቶ ነው።» ክፍሉ ጥሩ ነበር፣ መብራት እስኪጠፋ ድረስ። ማራገቢያው ሲቆም ክፍሉ ወደ ዳቦ መጋገሪያ ተቀየረ፤ መስኮት ስከፍት ቢንቢ ገባ፣ ስዘጋ ትንፋሽ አጠረኝ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ወደ ግቢው ብወርድ ዘበኛው ምንም ሳይጠይቀኝ ምንጣፉን ለሁለት የሚበቃ አድርጎ ዘረጋው። «እዚህ ሰው ክፍል ውስጥ የሚተኛው በጥር ነው» አለኝ። እስኪነጋ እዚያው ተኛሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ዘበኛ እንግዳን ምንጣፉ ላይ ሲያስተኛ አላየሁም።

ጠዋት ፈጢራ በማርና ሻይ፣ ከዚያ በከዚራ ዛፎች ጥላ ስር እስከ ሜዳው በእግር።

ሜዳው በግንብ የታጠረ ነው። ዋናው በር ሁለት ተከፋች ቆርቆሮ ሲሆን ሁለቱም ሲከፈቱ 3 ሜትር ከ60 ነው። ከጎኑ 80 ሳንቲሜትር የሆነች ትንሽ በር አለች። በማዶ በኩል 3 ሜትር የሆነ የኋላ በር አለ፤ በሰንሰለት ታስሯል። ቁልፉን ብጠይቅ «ያዡ በርጫ ላይ ነው» ተባልኩ። ሰዓቱ 8 ነበር። ሰውየው የት እንደሚቅም የሚያውቅ አልተገኘም።

የትኬቱ መሸጫ መስኮት ከትንሿ በር አራት እርምጃ ላይ ነው። ትኬት የያዘውም፣ ሊገዛ የመጣውም፣ ትኬት ሳይኖረው ዕድሉን የሚሞክረውም አንድ ቦታ ላይ ይከማቻሉ ማለት ነው። ከፊት ያለው ሰው ትኬት ገዝቶ ሲዞር ከኋላ የሚገፋው ሕዝብ መውጫ አይሰጠውም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የመጀመሪያው መፍትሔ ገንዘብ አያስወጣም፤ መስኮቱን ዘግቶ ጠረጴዛና ጃንጥላ 50 ሜትር ርቆ መንገዱ ማዶ ማስቀመጥ ነው።

ቅዳሜ የደረጃ ጨዋታ ስለነበር ቆጠርኩ። ጨዋታው 10 ሰዓት ነው። 9 ሰዓት ላይ በሩ ላይ ከልጆችና ከቆሎ ሻጮች በቀር ሰው የለም። 9 ከ20 ላይ ከተማው በሙሉ ተነስቶ መጣ። በድሬ ምሳ ከተበላ በኋላ ሱቅ ይዘጋል፣ በርጫ ይያዛል፤ ሙቀቱ ሲበርድ ሁሉም አንድ ላይ ይነሳል። የአዲስ አበባ ተመልካች ተቃራኒው ነው። በ2006 ጥቅምት ናይጄሪያ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ስትመጣ ሰው ስታዲየሙን ዙሪያ ከሌሊት ጀምሮ ተሰልፎ ነበር፤ ካታንጋና ሚስማር ተራ በሚባሉት የስታዲየሙ ክፍሎች ቦታ ለመያዝ ማደር የሚያኮራ ነገር ነበር። ሰው በሌሊት ሲመጣ ድካምና ረሃብ ነው ችግሩ። ሁሉም በመጨረሻዋ ሰዓት ሲመጣ ደግሞ ችግሩ ሒሳብ ነው።

ሒሳቡ ይህ ነው። አንድ ፈታሽ ኪስ ዳስሶ፣ ትኬት ቀዶ፣ አንዱን ሲያሳልፍ በደቂቃ 7 ሰው አሳለፈ። የእንግሊዝ የስታዲየም ደህንነት መመሪያ ለአንድ ጠባብ መግቢያ የሚፈቅደው ጣሪያ በሰዓት 660፣ ማለትም በደቂቃ 11 ነው፤ ስለዚህ ፈታሾቹ ሰነፎች አልነበሩም። ለእሑዱ ፍጻሜ 4,000 ትኬት ታትሟል። 4,000 ሰው በ40 ደቂቃ ውስጥ ቢመጣ በደቂቃ 100 ነው። ሁለት ሰልፍ በዚህ ፍጥነት 560 ሰው ያስገባል። ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ትኬት ያላቸው 3,440 ሰዎች ውጭ ናቸው፤ ትኬት የሌለው አንድም ሰው ባይመጣ እንኳ።

ይህን ስናገር ከአስተናባሪዎቹ አንዱ «አታካብድ አቦ፣ እዚህ ሁሌ እንዲህ ነው» አለኝ። የምሩን ነው፣ ክፋት የለበትም። በእንግሊዟ ሼፊልድ ሂልስቦሮ ስታዲየምም «ሁሌ እንዲህ» ነበር።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1989 የሊቨርፑልና የኖቲንግሃም ፎረስት የግማሽ ፍጻሜ ዕለት የሊቨርፑል ደጋፊዎች መግቢያ በሮች ጥቂት ስለነበሩ ከውጭ ሕዝቡ ተጨናነቀ። ከቀኑ 8 ሰዓት ከ52 ላይ ፖሊስ ራሱ አንድ ትልቅ የመውጫ በር አስከፈተ። የገባው ሰው ፊት ለፊቱ ያየውን መተላለፊያ ይዞ አስቀድሞ ወደሞሉት መካከለኛ ክፍሎች ወረደ፤ ወደ ጎን ያሉት ክፍሎች ቦታ ነበራቸው፣ ግን መተላለፊያውን ዘግቶ ወደዚያ የሚመራ ሰው አልነበረም። 97 ሰው ሞተ። በዚያው ሰዓት ደጋፊዎቹ በሩን ሰብረው ገቡ ተባለ፤ ለዓመታት ትኬት አልባው፣ ሰካራሙ ደጋፊ ተወቀሰ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሟሟት ምርመራው ሟቾቹ በሕገወጥ መንገድ እንደተገደሉ፣ የደጋፊዎቹም ጠባይ አስተዋጽኦ እንዳልነበረው ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2022 ፓሪስ ላይ ለሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜው 36 ደቂቃ መዘግየት መጀመሪያ የተሰጠው ምክንያት ያው ሐሰተኛ ትኬትና ትኬት አልባ ሰው ነበር፤ ገለልተኛው ግምገማ ዋናውን ኃላፊነት ለአዘጋጁ ለአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ሰጠ።

ትኬት አልባ የለም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ላይ ወደ 2,000 የሚጠጋ ትኬት የሌለው ሰው እንደገባ በኋላ የተደረገው ግምገማ ገልጿል፤ ትኬት ካለው ሰው ጀርባ ተለጥፎ፣ የአካል ጉዳተኞችን በር ገፍቶ። ያ ሰው እንደሚመጣ ታውቆ ዝግጅቱ ከበሩ ርቆ ካልተሠራ በሩ ላይ የሚቆም ጎበዝ ሁሉ ከንቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ጥር ካሜሩን፣ ያውንዴ ኦሌምቤ ስታዲየም ላይ ስምንት ሰው የሞተው መከፈት የነበረበት በር ተዘግቶ ሕዝቡ ወደዚያ በመመራቱ ነው።

ቅዳሜ ማታ፣ ፀሐይዋ ከገባች በኋላ፣ ሲሚንቶው ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ካሬ በጠመኔ አሰመርኩ። አስተናባሪዎቹን አንድ በአንድ አስገባሁ። አራት ሲሆኑ ያወራሉ። አምስት ሲሆኑ ትከሻ ይነካካል። ስድስተኛው ሲገባ አንደኛው ስልኩን ከኪሱ ማውጣት እንዳልቻለ ነገረን። ሰባተኛውን ሳስገባ ከዳር ያለውን በአንድ ጣት ገፋሁት፤ ሰባቱም አብረው ተወዛወዙ፣ ከማዶ ያለው ከመስመሩ ወጣ። ከዚያ በላይ ሰው እንደ ውኃ ነው የሚሆነው፤ ማንም ሳይፈልግ ማዕበል ይነሳል። በግፊያ የሚሞት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተረግጦ ሳይሆን ቆሞ፣ ደረቱ መስፋት አቅቶት ታፍኖ ነው። ከኋላ ያለው ይህን አያይም፤ እሱ የሚያየው ሰልፉ መቆሙን ብቻ ነው። «አታካብድ» ያለኝ ልጅ ካሬውን ሁለቴ ዞሮ አይቶ ጠመኔውን ወስዶ በሩ ፊት ለፊት ሌላ አሰመረ።

እሑድ ያደረግነው ይህ ነው። የትኬት ጠረጴዛው ማዶ ሄደ፤ 4,000ኛው ሲሸጥ በድምፅ ማጉያ «አልቋል» እንዲባል፣ አንዴ ሳይሆን በየአምስት ደቂቃው። ከበሩ 40 ሜትር ላይ በገመድ የመጀመሪያ ኬላ ቆመ፤ ትኬት እዚያ ይታያል፣ ፍተሻና ቀደዳ በሩ ላይ። ትኬት የሌለው ከኬላው ሲመለስ ወደ ኋላ የሚሄድበት ክፍት መንገድ አለው፤ በሩ ላይ ቢመለስ ግን የሚሄደው በሰው ላይ ነው። ሰልፉ ስድስት ሆነ፣ በደቂቃ 42 ሰው፤ 8 ሰዓት ላይ ቢከፈት 4,000ው በአንድ ሰዓት ከ35 ደቂቃ ይገባል። ግን በዚያ ፀሐይ ማን ይመጣል? የታዳጊዎች ጨዋታ 8 ከ30 ላይ እንዲሆን፣ የጥላው በኩል ያለው መቀመጫም ቀድሞ ለመጣ እንዲሰጥ አዘጋጆቹ ራሳቸው አሰቡ። ጥላው ከእኔ ሒሳብ ሁሉ በለጠ። ጫታቸውን በፌስታል ይዘው መጡ።

ያልገመትኩት ትንንሽ ልጆቹን ነው። «ጋሼ፣ አስገባኝ» እያሉ ትኬት የያዘ ሰው እጅ ይይዛሉ፤ በአገራችን የቆየ ወግ ነው፣ እኔም በልጅነቴ የማላውቀው ሰው ልጅ ሆኜ ገብቻለሁ። ነገር ግን ስልሳ ሰማንያ ልጅ በትልልቅ ሰዎች ወገብ መካከል ሲሽሎከሎክ መጀመሪያ የሚታፈነው እሱ ነው፤ አፍንጫው ከሰው ሆድ ጋር እኩል ነው። አንዷ አስተናባሪ ልጆቹን ሰብስባ በትንሿ በር ለብቻ አስገብታ ከሜዳው ጥግ አስቀመጠቻቸው። ትኬት ሻጩ አጉረመረመ።

9 ከ45 ላይ ግን ቀረርቶው መጣ። አንድ የጭነት መኪና ሙሉ ደጋፊ ከበሮ እየደለቀ ኬላው ላይ ደረሰ፣ ገመዱም ተበጠሰ። ገመድ ልክ አይደለም፤ መሬት የያዘ የብረት አጥር ያስፈልግ ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የሚበጀው አንድ ነገር ነበር፤ ጨዋታው 15 ደቂቃ እንደሚዘገይ ወዲያው ማስታወቅ። ሲነገር ግፊያው ረገበ። ሰው የሚሮጠው የመጀመሪያው ጎል እንዳያመልጠው ነው።

የኋላ በሩ ቁልፍ እሑድ ጠዋት ተገኘ። ለምን እንደጨቀጨቅሁ ቁጥሩ ይናገራል፤ ደረጃ በሌለው መውጫ በአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ ቢበዛ 82 ሰው ይወጣል። በዋናው በር ብቻ 4,000 ሰው ለመውጣት 13 ደቂቃ ከግማሽ ያህል ይፈጃል፤ የኋላው ሲጨመር 7 ደቂቃ ተኩል ገደማ። ለአደጋ ጊዜ የሚፈቀደው ጣሪያ ስምንት ነው። አንዲት ቁልፍ የስድስት ደቂቃ ዋጋ አላት። በሮቹ ወደ ውስጥ የሚከፈቱ ስለሆኑ ሕዝብ ከተደገፈባቸው አይከፈቱም፤ ስለዚህ ከ70ኛው ደቂቃ ጀምሮ ሁለቱንም ወለል አድርገን በድንጋይ ደገፍናቸው። እዚያ ላይ ውጭ የቀረው ትኬት አልባ «ተለቀቀ» ብሎ ሊገባ ፈለገ። ከዋናው በር እንዲገባ፣ ቀድሞ የሚወጣው ከኋላ እንዲወጣ ለየናቸው፤ መተላለፊያ ላይ ፊት ለፊት መገናኘት ነው የሚጥለው።

ግፊያ ውስጥ ለገባ ሰው አስተናባሪዎቹ የያዙት ምክር አጭር ነው። ክንድህን እንደ ቦክሰኛ ደረትህ ፊት አድርግ፤ የወደቀ ስልክ አታንሳ፤ ማዕበሉን አትግፋው፣ ሲመለስ ጠብቀህ በሰያፍ ወደ ዳር ውጣ፤ ግንብ አትደገፍ። እጅህን አንስተህ ፊትህን መንካት ካቃተህ ቀድመህ መውጣት ነበረብህ።

ማን እንዳሸነፈ እንኳ በደንብ አላየሁም፤ ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ ነበር። ቁልፉን የያዘው ሰውዬ በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ሲዞር አመሸ፣ እንደ ሜዳሊያ።

ሰኞ ሌሊት 10 ከ30 ላይ መናኸሪያ ነበርኩ። አውቶቡሱ ሲመጣ ረዳቱ በሩን እኩሌታ ከፍቶ ቆመ፣ ሕዝቡም ተረባረበ፤ አንዲት እናት ሕፃን በራስዋ ላይ አሻገረች፣ የእኔ ቦርሳ ከኋላ ቀረ። ወደ በሩ ስገፋ ራሴን ያዝኩት። የሁላችንም ትኬት ላይ የወንበር ቁጥር ተጽፎ ነበር፤ የእኔ 34።